አውቃለሁ ባዩ አህያ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ስጧት።

አያ አህያ ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ «አውቃለሁ» የሚል አመል ነበረው።

አንድ ጠዋት ሚስቱ፣ «ጅብ በረታችንን ሲዞር አድሯል። ዛሬ ልጃችንን ይዤ ወደ...» ስትለው፣ «አውቃለሁ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ አብራው የምትሠራው በቅሎ፣ «እዚህ ጋ ውሃው...» ስትል፣ «አውቃለሁ» ብሎ ገባ። የተሸከመው ጤፍ በሙሉ በሰበሰ።

አመሻሽ ላይ ሲመለስ በረቱ ባዶ ነው፤ ደጁን የጅብ ዱካ ሞልቶታል። ቆጥ ላይ የወጣችውን ዶሮ፣ «ሚስቴና ልጄ የት ናቸው?» አላት።

«ጅቡ ሳይመጣ ወጥተዋል። የት እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ‹ለእሱ ልነግረው ስጀምር አውቃለሁ ብሎኛል፤ ተከትሎን ይመጣል› ብላ ሄደች።»

ጅቡ ከጫካው ጮኸ። አያ አህያ ረጃጅም ጆሮዎቹን አቁሞ የልጁን ድምፅ ይጠብቅ ጀመር።