የእማማ ስንዱ ጣትና ሦስቱ ፕሮፎርማ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ የዛሬው ተረት ላም የለውም። ያለው ሽቦ ነው፣ እሱም የተላጠ።

ደሴ ውስጥ፣ ከአንድ ቁልቁለት ሰፈር፣ እማማ ስንዱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ወጥተዋል፣ ቤታቸው አርጅቷል። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመኝታ ቤታቸውን መብራት በገዛ ጣታቸው ማብራት። ማብሪያው ግን ይነዝራል። ስለዚህ እማማ አራት ዓመት ሙሉ መብራት ባስፈለጋቸው ቁጥር የላስቲክ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ በጫማው ጫፍ ማብሪያውን ይገፋሉ፣ መልሰው ይጫማሉ። ባለፈው ሳምንት ጫማው አመለጣቸውና መዳፋቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። ግድግዳውም ነዘራቸው። ከዚያ ወዲያ ጣታቸው ማብሪያ አልነካም አለ።

እንድሪስን አስጠሩት። እንድሪስ የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ አፉ ቁጡ፣ እጁ ግን ንጹሕ። ቴስተሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ የቴስተሩ መብራት ቦግ አለ።

«እማማ፣ ይሄ ቤት ጥገና አይደለም የሚፈልገው። ሽቦው በሙሉ መቀየር አለበት።»

«ስንት ይፈጃል፣ ልጄ?»

«ሳላየው ምን ብዬ ልንገርዎ?»

ይህን ያለው ወዶ አይደለም። አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሞ፣ አምፖል ቆጥሮ ዋጋ ተናገረ። ግድግዳው ሲከፈት ሽቦው ሁሉ አሮ ተገኘ። የተናገረውን ላለማጠፍ መሰርሰሪያውን ሸጦ ሥራውን ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ሳያይ ዋጋ የሚጠራ ባለሙያን ይንቃል፣ የዚያን ቀኑን እንድሪስንም ጨምሮ። እናም ጣቱ ማብሪያ አልነካም አለ፣ ዋጋው ሽቦ ካላየሁ አልወጣም አለ።

«እስከዚያ መብራቱ እንዲቋረጥ ብሬከሩን ላውርደው» አለ እንድሪስ።

«የስኳር መርፌዬስ? ፍሪጅ ውስጥ እኮ ነው!» አሉ እማማ። ለቤቱ ሁሉ ያለው አንድ ብሬከር ብቻ ነበር። እንድሪስ ጥርሱን ነክሶ ተወው።

ሽቦው ያለው ኮርኒሱ ውስጥ ነው። ወደ ኮርኒሱ የምታስገባው ክዳን ደግሞ ከአንድ ቁምሳጥን በላይ ነች። የሟቹ ባላቸው ቁምሳጥን ከዋንዛ የተሠራ ነው፤ ሳህንና ወረቀት እስከ አናቱ ታጭቆበታል። እንድሪስ በትከሻው ገፋው፤ ወይ ፍንክች!

«ማን ነው ቁምሳጥን እዚህ ያቆመው?»

«ትልቁ ልጄ ደምሰው ነው። ቤቱን ሲያሳድስ።»

ጣቱ ማብሪያ አልነካም አለ፣ ዋጋው ሽቦ ካላየሁ አልወጣም አለ፣ ሽቦው ኮርኒስ ካልተከፈተ አልታይም አለ፣ ኮርኒሱ ቁምሳጥን ካልተነሳ አልከፈትም አለ፣ ቁምሳጥኑም ካልተራገፍኩ አልነሳም አለ። እማማም ጫማቸውን አወለቁ፣ ማብሪያውን ገፉ፣ መልሰው ተጫሙ።

ቁምሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ሴት ልጃቸው አሰገደች አንገት ላይ ነው፤ ከመስቀሏ ጋር አብሮ ተንጠልጥሏል። አሰገደች ክፉ ሰው አይደለችም። ኃላፊነት ስታይ ግን ድመት ከውሃ እንደምትሸሸው ትሸሻለች።

«እትዬ አሰገደች፣ ቁልፉን ይስጡኝና ሳህኑን እናውጣ» አላት እንድሪስ።

«እኔ ምን ቤት ነኝ? የአባታችን ዕቃ ነው። ጋሼ ደምሰው በፊርማው ይፍቀድ፤ ነገ በኋላ ነገር ቢጠፋ እኔን ነው የምትሉኝ።»

«ከሳህን ሌላ ምን አለበት?»

«እኔ እንጃ። ከፍቼው አላውቅም።»

አራት ዓመት እናቷ በጫማ መብራት ሲያበሩ ያየች ሴት ስለ ሳህን ተጨነቀች! እንድሪስ ሳቁም ንዴቱም እኩል መጣበት። ጣቱ ማብሪያ አልነካም አለ፣ ዋጋው ሽቦ ካላየሁ አልወጣም አለ፣ ሽቦው ኮርኒስ ካልተከፈተ አልታይም አለ፣ ኮርኒሱ ቁምሳጥን ካልተነሳ አልከፈትም አለ፣ ቁምሳጥኑ ካልተራገፍኩ አልነሳም አለ፣ ቁልፉም ፊርማ ካላየሁ አልወጣም አለ። እማማም ጫማቸውን አወለቁ።

አሁን ወደ ትልቁ ሰው እንሂድ። አቶ ደምሰው የእማማ የበኩር ልጅ ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ ግዢ ክፍሉ ግን ከእሳቸው ጡረታ አልወጣም። ሽንኩርት ሲገዙ እንኳ ሦስት ጉልት ዞረው ዋጋ በደብተር ይመዘግባሉ፤ ሲመለሱ ሽንኩርቱ አልቆ ይጠብቃቸዋል። እንድሪስ ሲመጣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«በአሠራር እንሂድ። ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ይመረጣል። ያኔ እፈርማለሁ።»

«አቶ ደምሰው፣ የእናትዎ ቤት እኮ ነው!»

«አሠራር እናትና አባት የለውም።»

«ይሄንንስ በደንብ አየሁት፣ ወላሂ» አለ እንድሪስ።

ሁለቱ ፕሮፎርማዎች ባንድ ቀን መጡ። አንደኛው ባለሙያ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ መስኮት ቆጠረና ሠላሳ አምስት ሺህ ብር ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ከነጭራሹ አልመጣም፤ በስልክ የጣሪያውን ቀለም ጠየቀና ሠላሳ ሺህ ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት በሰው ላከ። የጣሪያ ቀለም! አቶ ደምሰው ግን ደስ ብሏቸው ሁለቱንም ማኅተም እያዩ ፋይላቸው ውስጥ ከተቱ።

«ያንተ ብቻ ቀረ» አሉት።

አንድ የእንድሪስ ጎረቤትም «አንተም የሆነ ቁጥር ጻፍና ተገላገል» አለው። እንድሪስ ሥራውን ይፈልገዋል፤ ከወር በላይ ደህና ሥራ አልገጠመውም። ብዕሩን አነሳ። የሸጠው መሰርሰሪያ ትዝ አለው። ቀጥሎ የእማማ ጫማ ትዝ አለው፤ ዛሬ ዋሽቶ ቢጽፍ ነገ ገንዘቡ ሲያልቅ ሽቦውን ግማሽ ላይ ትቶት ሊሄድ ነው። ብዕሩን ወረወረው። ጣቱ ማብሪያ አልነካም አለ፣ ዋጋው ሽቦ ካላየሁ አልወጣም አለ፣ ሽቦው ኮርኒስ ካልተከፈተ አልታይም አለ፣ ኮርኒሱ ቁምሳጥን ካልተነሳ አልከፈትም አለ፣ ቁምሳጥኑ ካልተራገፍኩ አልነሳም አለ፣ ቁልፉ ፊርማ ካላየሁ አልወጣም አለ፣ ፊርማው ሦስት ፕሮፎርማ ካላየሁ አልወርድም አለ፣ ሦስተኛው ፕሮፎርማም ዋጋ ከሌለኝ ባዶ ወረቀት ነኝ አለ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው፤ አንድ ወርም ሊሞላ ነው። እማማም ጫማቸውን አወለቁ፣ ማብሪያውን ገፉ፣ መልሰው ተጫሙ።

እንድሪስ በመጨረሻ ወደ አቶ ደምሰው ሄደና «እሺ፣ ፕሮፎርማውን እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ግን እርስዎ መጥተው ግድግዳውን በዓይንዎ ይዩት» አላቸው።

መጡ፤ ከነከረቫታቸው፣ ከነፋይላቸው። አሰገደች ለወንድሟ ክብር ወለሉን ወልውላ ገና አልደረቀም።

«የታል የሚነዝረው? አጋናችሁት ነው እንጂ!»

«እጅዎን እንዳያስጠጉ!» አለ እንድሪስ።

እማማ ጫማቸውን አውልቀው ለልጃቸው ዘረጉላቸው። «እንካ ደምሰው፣ በዚህ ግፋው።»

«እኔ? በጫማ መብራት ላበራ?» አሉና ጣታቸውን ሰደዱ።

ነዘራቸው። ከረቫታቸው ተርገፈገፈ፣ ፋይሉ ተበተነ፣ «እናቴ!» የሚል ጩኸት ቤቱን ሞላው። እማማ ሊይዟቸው ሮጡ። እንድሪስ «አይንኳቸው!» ብሎ ጮኸና ዘሎ ብሬከሩን አወረደው። አቶ ደምሰው እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው ሲመለስ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፕሮፎርማ ተናገሩ።

«ክፈቱት! ሁሉንም ክፈቱት!»

ፊርማው ወረደ፣ ቁልፉ ወጣ፣ ቁምሳጥኑ መራገፍ ጀመረ። ከሳህኑ ሥር ግን አንድ የቆየ ፖስታ ወጣ። አቶ ደምሰው «እሱን ተዉት» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ እማማ ቀደሟቸው። ቤቱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሲታደስ ለሽቦው ሥራ የቀረቡ ሦስት ፕሮፎርማዎች ነበሩ። ማኅተሙ ሦስት ዓይነት ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው፤ ብዕሩም አንድ ነው፤ ውድድሩ የይስሙላ ነበር። ከዝቅተኛው ሥር «ይህ ይሁን» የሚል የአቶ ደምሰው ፊርማ አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ቁምሳጥኑ ተነሳ፣ ኮርኒሱ ተከፈተ፣ ሽቦው ታየ። እንድሪስ አቧራ ለብሶ ወረደና አንድ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ነው፤ መቀጠያው በቀለጠ ፌስታል ተጠቅልሏል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ከዚያ ተቀምጦ ዋጋውን ጻፈ፤ መቶ አሥር ሺህ ብር።

«ከዝቅተኛው ጋር ሲነጻጸር...» ብለው አቶ ደምሰው ጀመሩ። እማማ የላስቲክ ጫማቸውን አነሱ። አቶ ደምሰው ፈረሙ።

በዘጠነኛው ቀን እንድሪስ አዲሱን ማብሪያ ገጠመና ወደ ጎን ቆመ። እማማ ስንዱ ግን አልነኩትም፤ መጀመሪያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ደምሰው፣ ይሄ ሰው ሳላይ አልናገርም ብሎ አንድ ወር አስጠበቀኝ። አንተ ሳታይ ፈርመህ አራት ዓመት በጫማ አኖርከኝ።»

አቶ ደምሰው ፋይላቸውን ዘጉ። እማማ ጣታቸውን ዘረጉ፣ ማብሪያውን ነኩ። መብራቱ በራ። አጠፉት፤ ደግመው አበሩት። ከዚያ ሁለቱም ጫማዎች እግራቸው ላይ እንዳሉ ወደ አልጋቸው ሄዱ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውም ይቅርብኝ። ሌላ ሁለት ተረት አወዳድረን እንምረጥ የሚለኝ ካለ ግን ጫማዬን አወልቃለሁ።