የትርንጎ የብረት ጫማ

ጠጋ ጠጋ በሉማ፣ የምነግራችሁ አለኝ። ተአምር የሚሠሩ ሰዎችን የሚቆጣጠር አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ትርንጎ የምትባል ልጅ ትበር ነበርና፣ እንዳታመልጥ ብለው የብረት ጫማ አጥልቀውባት ግቢ ውስጥ አስቀመጧት። አንድ ጠዋት «እናትሽ በጠና ታመዋል» የሚል መልእክት ደረሳት።

«ጫማዬን ፍቱልኝ! እማዬን ሳትሞትብኝ ልያት» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ጫማውን ያጠለቀላት፣ ብረት በጣቱ እንደ ሊጥ የሚያጥፈው ጋሼ ሞገስ ነው። ወደ እሱ ሄደች።

«እኔማ በወደድኩ፣ የኔ ልጅ» አለና አቀረቀረ። «እስቲ አያልነሽን ጠይቂያት።»

አያልነሽ አገር አሻግራ የምትሰማ ሴት ናት። ትርንጎ ብረቷን እየጎተተች ሄደች።

«እትዬ አያልነሽ፣ እማዬ ታማብኛለች። ጫማው አልፈታ አለ፤ ጋሼ ሞገስ ወደ አንቺ ላከኝ።»

አያልነሽ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። «እኔን ተዪኝ! ዘለቀን ጠይቂ።»

ዘለቀ ደግሞ ተራራ አሳልፎ የሚያይ ነው።

«ወንድሜ ዘለቀ፣ ጫማው አልፈታ አለ፤ ጋሼ ሞገስ ወደ አያልነሽ ላከኝ፤ አያልነሽ ወደ አንተ ላከችኝ። እማዬ እንዴት ናት? አንተ እኮ ታያለህ!»

ዘለቀ ዓይኑን ጠረገ። «አቧራ ገባብኝ። አለቃውን ጠይቂ።»

ዝናብ አባርቶ መሬቱ ጭቃ ነው፤ የምን አቧራ!

አለቃው አቶ ደምሰው ከማኅተም በቀር አንዳች ተአምር የላቸውም። ትርንጎ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ፣ ጫማው አልፈታ አለ፤ ጋሼ ሞገስ ወደ አያልነሽ ላከኝ፤ አያልነሽ ወደ ዘለቀ ላከችኝ፤ ዘለቀ ወደ እርስዎ ላከኝ። እባክዎ፣ እማዬ እየጠበቀችኝ ነው።»

አቶ ደምሰው አነሷትና ክንዷን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። ሦስቱ እዚያው ቆመዋል።

«እስከ መቼ ታንከራትቷታላችሁ? መርዶ ተደብቆ ሊቀር ነው?» አሉ።

መርዶ! ለካስ እናቷ ጎህ ሲቀድ ዐርፈው ኖሯል። አያልነሽ ዋይታውን ሰምታለች፤ ዘለቀ አስከሬኑን አይቷል፤ ሁለቱም ለሞገስና ለአለቃው ነግረዋል። ጨክኖ የሚያረዳት ግን ጠፋ፣ ወይኔ!

ያን ጊዜ አለቃው ዘለቀን ተቆጡ፤ ዘለቀ ወደ አያልነሽ ዞረ፤ አያልነሽ እሪ ብላ አለቀሰች፤ ለቅሶዋን ሲሰማ ጋሼ ሞገስ ተንበርክኮ ብረቱን ፈለቀቀው፤ ጫማውም ተፈታ።

«ድረሺ፣ የኔ እናት፣ መቃብሩን ገና እየቆፈሩ ነው» አለቻት አያልነሽ። «ዶማው ይሰማኛል።»

ትርንጎ በባዶ እግሯ፣ እያነባች በረረች። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በላይ ስትደርስ ቀባሪው ሁሉ አንጋጠጠ። ድሮ ከሰማይ ስትወርድ እናቷ «ቀስ፣ ቀስ፣ ልጄ፣ ትወድቂያለሽ!» እያሉ ከታች ይጮሁባት ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያያታል እንጂ፣ ቀስ በዪ ያላት የለም።