ሰዓቱና ቀበቶው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አባ ጥዑመ ልሳን፣ «እስካሁን የሰገድኩት አይበቃኝም ወይ?» ብሎ ለጠየቃቸው ለንስሐ ልጃቸው ለጓንጉል። ጓንጉል በፍርድ ቤት በሐሰት መስክሮ ታናሽ ወንድሙን ከአባታቸው ቤት ያስወጣ ሰው ነው። አባ ሁለት ነገር አዘውት ነበር፤ እንዲሰግድ፣ ቤቱንም መልሶ ከወንድሙ እንዲታረቅ። ስግደቱን ጉልበቱ እስኪላጥ ሰግዷል። ወደ ወንድሙ ደጅ ግን አልሄደም። አባ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ተቀመጡና ታሪኩን ቀጠሉ።

ሰውየው ባለጸጋ ነበር። የእህል መጋዘን ነበረው፤ የሚያከራየው ቤት ነበረው፤ መብላትም ይወድ ነበር። መብላት መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ ይህ ግን ከወዳጅ ጨዋታ ይልቅ የጮማ ሥጋ የሚናፍቀው ሰው ነበር ብል አላበዛሁም። አንድ ቀን ዓይኑ ጭልም እያለበት፣ እግሩ እየደነዘዘው ቢቸገር ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ መረመረውና ደሙ ውስጥ ስኳር መብዛቱን ነገረው።

«ሁለት ነገር ያደርጋሉ» አለው። «ከሚበሉት ይቀንሳሉ፤ በየቀኑም በእግርዎ ይሄዳሉ። አለዚያ እግርዎን ሊያጡ ይችላሉ።»

ሰውየው ደነገጠ። የምሩን ደነገጠ። በነጋታው ጥሩ የመሄጃ ጫማና እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓት ገዛ። ሰዓቱ ጊዜ ብቻ የሚናገር አልነበረም፤ የክንዱን ውዝዋዜና የልቡን ምት እየተከተለ ሰውነቱ ስንት ካሎሪ እንዳቃጠለ ይነግረዋል። ጧት ጧት እየተነሣ ዳገቱን ይወጣል፤ እያለከለከ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ይመለሳል። በዚህ አልስቅበትም፤ መልካም አደረገ። ሐኪሙ ካዘዘው አንዱን በእውነት ይፈጽም ነበር።

ጥፋቱ የጀመረው ከማዕዱ ላይ ነው። ሚስቱ እንደ ሐኪሙ ቃል ቀንሳ ስታቀርብለት እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን ያሳያታል።

«ይኸው እይው። ዛሬ ያቃጠልኩት ይህን ያህል ነው። በላቤ ያገኘሁትን ልትከለክይኝ ነው?»

ሚስቱም ትጨምርለታለች። ሰዓቱ ተቃጠለ ያለውን ሁሉ መልሶ እስኪበላው ድረስ ከማዕድ አይነሣም። ደግሞ እግሩ የሠራውን ሰዓቱ እንዳለው ሳያጎድል ይቀበላል፤ አፉ የበላውን ግን «ይቺማ ምን አላት» እያለ በራሱ ይገምታል። ዳግመኛ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ ይህንኑ በኩራት ነገረው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰዓቱ ይገምታል እንጂ አያውቅም» አለው። «ሰውነትዎ ውስጥ ገብቶ አላየም። አንዳንዴ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ አንዳንዴ እጅግ ይርቃል። ቁጭ ብለው እንኳ ሰውነትዎ የሚፈጀውን ደምሮ ያሳይዎት ይሆናል። ለመበርታት ይጠቀሙበት፤ ምግብዎን ግን በሱ አይስፈሩ።»

ባለጸጋው «እሺ» አለ። እሺ ማለት ለማን ይቸግራል?

ቀበቶው ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ከቀድሞው ቀዳዳ አልደርስ ቢለው ሰውየው ወስፌ አምጥቶ አዲስ ቀዳዳ በሳ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ጫፉ ጠጋ አድርጎ ሌላ በሳ። ሚስቱ አየችና «ያ ሁሉ ተቃጥሎ ካለቀ ይህ ሆድ ከየት መጣ?» አለችው።

«ቆዳ አይደለም እንዴ? ዝናብ ሲነካው ይሰበሰባል» አላት።

ወሩ ጥር ነበር።

በዚያው በጥር የወዳጁ ልጅ ተዳረ። ለሰውየው እንደ ማዕረጉ ከሙሽሮቹ አጠገብ ወንበር ሰጡት። ዘፈኑ ሞቅ ሲል ወጣቱ ሁሉ ተነሥቶ ይጨፍር ጀመር፤ እሱ ግን እግሩ ስለከበደው ከወንበሩ ሳይነሣ ያጨበጭባል። አጨበጨበ፣ አጨበጨበ፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያጨበጭብ ዋለ። ድንገት ሰዓቱ ክንዱ ላይ ነዘረው። እጅጌውን ገለጥ አድርጎ ቢያይ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። የዛሬው ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጣል፤ ዳገቱን እስከ ጫፉ ከወጣበት ቀንም ይበልጣል።

ተቀምጦ! ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል!

እዚህ ላይ ልብ በል፣ ጓንጉል። ሰውየው ጅል አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባው። ሐኪሙ ያለው፣ ሚስቱ ያለችው፣ በወስፌ የበሳው ሁሉ አንድ ላይ መጣበት። ዛሬ ቁጭ ብሎ ሲያጨበጭብ እንዲህ ካለው፣ እሱን አምኖ የበላባቸው እነዚያ ሁሉ ቀኖችስ? ፍርሃት ፍርሃት አለው። ሰዓቱን ሊፈታው እጁን ሰደደ።

በዚህ መሐል አሳላፊው ቁርጥ የሞላበት ሳህን ይዞ ከፊቱ ቆመ።

«ጋሼ፣ ከሻኛው ልቁረጥልዎ?»

ባለጸጋው ሥጋውን አየ። ሰዓቱን አየ። ከዚያ እጅጌውን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ሳበና ሰዓቱን ሸፈነው።

«ቁረጥልኝ» አለ። «ዛሬማ ይገባኛል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልናገረው ደስ ባለኝ። የእግሩን ቁስል መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ናት። የመሄጃ ጫማው ተረከዙን ልጦት ኖሯል፤ እግሩ ደንዝዞ ስለነበር እሱ አልተሰማውም። ቁስሉ አልሽር አለ፤ ጠቆረ፤ ሐኪሞቹ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን በክራንች ተደግፎ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሲታገል፣ ሰዓቱ ክንዱ ላይ ነዘረው። እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል።

ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ኋላም ሚስቱን «ያን ቀበቶዬን አምጪልኝ» አላት። አመጣችለት። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሳቸው። ከመካከላቸው የዋሸው አንድም አልነበረም፤ ሁሉንም የበሳቸው በገዛ እጁ ነው።

አባ ይህን ተናግረው ወደ ጓንጉል ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንተን ይመስላል። ስግደትህ እንደሱ ዳገት ነው። ያዘዝኩህ እኔ ነኝ፤ አትተወው፤ እግዚአብሔርም ላብህን አይንቀውም። ነገር ግን በሰገድክ ቁጥር ‹ይህን ያህል በደል ተቃጠለልኝ› እያልክ በልብህ የምታሰላው ግምት ነው። ምን ያህል እንደተቃጠለ አንተ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። አንተ ግን በዚያ ግምት ተማምነህ ዛሬም በወንድምህ ቤት ትተኛለህ። ታረቅ ስልህ እሺ ብለኸኛል፤ ያም ሰው ለሐኪሙ እሺ ብሎ ነበር። ቀበቶህን ማየት ከፈለግህ ቀበቶህ ወንድምህ ነው። ገበያ ላይ ሲያይህ መንገድ ይቀይራል ያልከኝ አንተ ነህ። ልጆቹ ዛሬም አጎታችን ይሉሃል ወይ ብዬ ስጠይቅህ አንገትህን ደፍተሃል። ልክህን የሚነግርህ እሱ ነው እንጂ የጉልበትህ መላጥ አይደለም።»

«አባቴ፣ ሄጄ በሩን ባይከፍትልኝስ?» አለ ጓንጉል።

«ያን ጊዜ ገና ብዙ እንደቀረህ ታውቃለህ። የአባታችሁን ቤት ቁልፍ ይዘህ ሂድ። ባይከፍትልህ ደጁ ላይ አስቀምጥለትና ወደ እኔ ና፤ ስግደቱን አብሬህ እሰግዳለሁ። ብቻ ልጄ፣ ዛሬ ገብቶሃልና እጅጌህን አትሳብ።»