እግሩ የነጣው ስናር

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ አያ ይስማው፣ ስመኝ የጠየቀችውን ጠይቃ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ።

ስመኝ የመጣችው ተቆጥታ ነው። እጇ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ፤ ለመስቀል በዓል ግድግዳዋን ልትለቀልቅ አቡክታ ትታው ነው የወጣችው። ሴት ልጇን በዚህ ዓመት ወባ ሁለት ጊዜ ጥሏታል፤ ልጅቱ ከአልጋ የወረደችው ገና ትናንት ነው። ነገ ደግሞ ረጪዎች አዲስ የወባ መድኃኒት ይዘው መንደሩ ይገባሉ ተብሏል። ስመኝ በሯን ልትዘጋባቸው ቆርጣለች። አያ ይስማው ግን በጉልምስናቸው መርጫ በጀርባቸው አዝለው ቤት ለቤት ሲረጩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ከመዝጋቷ በፊት መጥታ ጠየቀቻቸው።

«ድሮ እርስዎ ሲረጩ የወባ ትንኝ እንደ ቆሎ ትረግፍ ነበር ይላሉ። አሁን የተረጨ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ታድራለች። ያኛውን መድኃኒት ከለመደችው አዲሱንስ አትለምደውም? ምን ልሁን ብዬ ቤቴ እንዲረጭ ዕቃዬን ሁሉ ደጅ ሳወጣ እውላለሁ?»

«አንድ ገበሬ ነበረ አልኩሽ እኮ። ቁጭ በይና ስሚ።»

ቁጭ አለች።

ገበሬው ገብስ ይዘራል። መሬቱ መልካም፣ ሰውየው ታታሪ፤ ጠላቱ ስናር የሚባለው አረም ብቻ ነው። ስናር መቼም ታውቂዋለሽ፣ ገና ቡቃያ ሳለ ከገብስ ለመለየት ዓይን ያደክማል። የዚህ ሰው ስናር ግን ምልክት ነበረው፤ እግሩ፣ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ቀላ ይላል። የገብሱ እግር ነጭ ነው። ሰውየው ይህችን ምልክት ካወቀ ወዲህ ሌላ ምልክት ፈልጎ አያውቅም። ለአረም ደቦ ሲጠራ ሰዉን ማሳው ዳር ያቆምና «ቀይ እግር ያለውን ብቻ ንቀሉ! ነጭ እግር የነካ ወዮለት!» ይላል። ለገብሱ በጣም ይሳሳለት ነበር።

አንድ ዓመት ሚስቱ ስታርም ቆይታ አንድ ቡቃያ ሳትነቅል ይዛ ቀና አለች።

«ይሄ እግሩ ነጭ ነው፤ ቅጠሉን ሳየው ግን ገብስ አይመስለኝም።»

«ተይው! ገብሴን ልታስጨርሺኝ ነው?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸባት። አፈረችና ለቀቀችው። ቡቃያውም እዚያው ቀረ።

ስናር ደግሞ አጫጅ አይጠብቅም፤ ገብሱ ሳይደርስ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል። የዚያ ነጭ እግር ፍሬ ረገፈ፤ ከፍሬው የበቀሉትም እግራቸው እንደ እናታቸው ነጭ ሆነ። በከርሞው ደቦው ቀዩን ለቅሞ ሲጨርስ ለነጩ ቦታ ሰፋለት። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ባሰ። ሰውየው የሚያየው ግን ሌላ ነው፤ ቀይ እግሩ በየዓመቱ እያነሰ መጣለት። በስድስተኛው ዓመት ደቦው ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ጎንበስ ብሎ ቢፈልግ አንዲት ቀይ እግር አጣ። ደስታውን ብታዪ! «ስናርን ከመሬቴ አጠፋሁት!» ብሎ በግ አረደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በልቶ መረቀው።

ገብሱ አሸተ። አንድ ጠዋት ሰውየው ማሳውን ሊያይ ሄደና ዳሩ ላይ ቆመ። ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው የስናር ራስ ነው። የገብስ ዛላ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል እንጂ የለም ማለት ይቀላል። ዘንድሮ ልጆቹ የሚበሉት፣ ለከርሞ ዘር የሚሆነው፣ ሁሉ እዚያ ማሳ ላይ ነበር። ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«እጄን ለመደው» አላት፣ ሚስቱ ስትደርስ። «ይሄ ስናር ሰይጣን ነው። እንደምነቅለው አውቆ እግሩን አነጣ! በቃኝ፤ መሬቱን ትቼ እሄዳለሁ።»

ሴትዮዋ ያኔ ሰው ፊት የጮኸባትን አልረሳችም፤ ብትፈልግ የምትለው ብዙ ነበር። ግን እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ከአጥሩ ሥር ማንም አርሞት የማያውቅ ስናር ወፍ ዘራሽ በቅሏል። ጎንበስ ብለህ እግሩን እይ አለችው። እየገለጠ አየ። ቀይ። ቀይ። አሁንም ቀይ። ከዚያ አንድ ነጭ። ከዚያ ደግሞ ቀይ በቀይ።

«ይሄን ነጩን ማን አስተማረው?» አለችው። «እጅህ እዚህ ደርሶ አያውቅም። ነጩ ከጥንትም ነበረ፤ ጥቂት ነበር እንጂ። ቀዩ ተለውጦ አልነጣም። እኛ ቀዩን ነቅለን ጨረስነው፣ ነጩ ደግሞ ተዋለደ።»

ሰውየው ቀና አለ።

«ያኔ ነግረሽኝ ነበር» አለ።

«ነግሬህ ነበር» አለች።

በከርሞው ገብስ አልዘራም፣ ባቄላ ዘራ። ባቄላ መካከል የበቀለ ስናር ሣር መሆኑ ያስታውቃል፤ እግሩ ቀላም ነጣ መደበቂያ የለውም። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረገና በሦስተኛው ወደ ገብሱ ተመለሰ። ደቦውን ግን እግሩንም ቅጠሉንም እዩ ይል ጀመር። ሚስቱ ቡቃያ ይዛ ቀና ካለች ሥራውን ትቶ ሊያይ ይመጣል።

አያ ይስማው እዚህ ላይ ወደ ስመኝ ዞሩ።

«ትንኟም እንዲሁ ናት፣ ልጄ። መድኃኒቱን የለመደች ትንኝ የለችም። መድኃኒቱ የያዛት ሞተች፣ አለቀ። ከስንት ሺህ አንዷ ግን መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ የሚይዝበት ቦታ ላይ ትንሽ ለየት ብላ ትፈጠራለች፤ ሊይዛት ሲል ያዳልጠዋል። እሷ ተርፋ ውሃ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ልጆቿም ያንኑ ይወርሳሉ። እኛ ደግሞ ያንን አንዱን መድኃኒት በየዓመቱ እየረጨን እህቶቿን ጨርሰን ቤቱን ለቀቅንላት። እኔ ነኝ በዚህ ጀርባዬ ተሸክሜ የመረጥኳት! ከተቆጣሽ እኔን ተቆጪ።»

«አዲሱስ?»

«አዲሱ ባቄላው ነው። የሚይዝበት ቦታ ሌላ ነው፤ ከአሮጌው ያመለጠችውን ያገኛታል። እሱንም ብቻውን ለዓመታት ሙጥኝ ካልን ነጭ እግር ይወጣለታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ይቀያየር፣ አጎበሩም ይሰቀል፣ ጭቃ የምትቆፍሪበት ጉድጓድም ውሃ ቋጥሮ የትንኝ ማርቢያ ሆኗልና ይደፈን።»

ስመኝ የደረቀውን ጭቃ ከእጇ ላይ ፈቀፈቀች።

«ያቦካሁትስ? ነገ ረጭተው ሲሄዱ ግድግዳዬን ልለቀልቅበት?»

«መድኃኒቱ ላይ? እንዴ! አምናም እንዲሁ አድርገሽ ነበር?»

«አምናም» አለች አንገቷን ደፍታ።

«አይ አንቺ! ረጪዎቹ የረጩትን አንቺ ቀበርሽው!» አሉና ሳቅ አመለጣቸው። «በይ ጭቃውን ወደ ወጣበት ጉድጓድ መልሺው። ያ ገበሬ ያኔ ሚስቱን ሰምቷት ቢሆን ስድስት ዓመት አይባክንበትም ነበር። አንቺ ዛሬ ሰምተሻል። ነገ በሩን ክፈቺላቸው።»

ስመኝ ተነሥታ ሄደች። ጉድጓዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተደፈነ፤ በማግስቱም ረጪዎቹ ሳይደርሱ የልጅቱን አልጋ ራሷ ተሸክማ ደጅ አወጣችው።