የቀበሮ ግንብና የአህያ ችግኝ

አንድ ጊዜ አህያ፣ ጅብ፣ ቀበሮና አንበሳ በአንድ የባሕር ዳርቻ በጉርብትና ይኖሩ ነበር። ባሕሩ ግን ከዓመት ዓመት እያበጠ ወደ ደጃቸው ይጠጋ ጀመር። ከሁሉም ዝቅ ያለው የአህያ ቤት ስለነበር፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር ውርንጭላዋን እየነዳች ወደ ኮረብታው ትሮጣለች። «ይህን ልጄን አንድ ቀን ውሃ ይወስድብኛል» እያለች እንቅልፍ አጣች።

ቀበሮ ግን መላ አልጠፋውም። «እትዬ አህያ፣ ምን አስጨነቀሽ? ለየደጃችሁ የጭቃ ግንብ እሠራላችኋለሁ፤ ዋጋዬም ከየቤቱ አንዲት ዶሮ ብቻ!» አለ። ዶሮ ተከፈለ፤ ግንብ ተሠራ፤ ማዕበል መጣና ግንቡ ሟሟ። በዓመቱ ደግሞ ዶሮ ተከፈለ፤ ግንብ ተሠራ፤ ያም ሟሟ። ቀበሮ ቦርጭ አወጣ፤ የአህያ ጓሮ ግን አንዲት ዶሮ ብቻ ቀረችው።

አህያ ይህችንም ለሚፈርስ ግንብ ለመስጠት ልቧ እምቢ አላትና አንበሳ ዘንድ ሸንጎ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ከማዶ ሥሮቻቸውን በጨው ውሃ ውስጥ የሰደዱ ዛፎች አሉ፤ ማዕበሉ እነሱን ሲያገኝ ይደክማል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የዘንድሮውን ዶሮ ለደቦ ድግስ አድርገን ችግኛቸውን እንትከል። እስኪያድጉ ድረስ የእኔን ጎጆ ኮረብታው ላይ አውጡልኝ።»

«ወይ ወጪ!» ሲል ሳቀ ቀበሮ። «የእኔ ግንብ እኮ በአንዲት ዶሮ ነው!»

ጅብ ወዳጁን ሊያግዝ ብድግ አለ። «እውነቱን ነው! ጭቃውን ሳያቦካ ይሠራል፤ ባሕሩ ያፈርሳል፤ ሌላ ዶሮ ይመጣል፤ አጥንቱ ደግሞ ለእኔ! ከዚህ የተሻለ ኑሮ ከየት ይገኛል?»

ይህን የሰማው አንበሳ ሳቁ አመለጠው፤ አህያም በደስታ አናፋች።

«ምነው፣ ክፉ ተናገርኩ እንዴ?» አለ ጅብ።

አንበሳ በአህያ ሐሳብ ተስማምቶ፣ ቀበሮ የችግኙን ጉድጓድ ሁሉ እንዲቆፍር ፈረደበት። ጅብም ሳይሠራ እንዳይበላ፣ ድግሱ ተከላው ሲያልቅ ብቻ እንዲቀርብ ተብሎ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ከአህያ አዲስ ጎጆ አጠገብ ተቀመጠ። ያን ቀን እንደ ጅብ ችግኝ የተሸከመ አልነበረም!

ዛፎቹ ካደጉ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ማዕበል መጣ። በሥሮቹ መካከል ሲተሻሽ ጉልበቱ አልቆ አረፋ ብቻ ሆኖ ዳር ደረሰ። ውርንጭላው ወርዶ አረፋውን ላሰና «እፍ! ጨው ነው!» አለ። እናቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚህ የምንማረው፣ በየዓመቱ ለሚፈርስ ነገር በየግላችን ከመክፈል ይልቅ፣ ጉዳቱ ሳይብስ በጋራ ወጪ የሚዘልቅ ነገር መሥራት ኪስንም ልጅንም እንደሚያድን ነው።