ኤሊው፣ ዳሚት እና የእግዜር-ያውጣህ ዳገት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ማለቱን ዛሬ ለላሞቹ ተዉላቸው፤ የዛሬዋ ተረት አራት ጎማ አላት። ጠጋ በሉ፣ ግን በጣም አትጠጉ፤ ስትነሳ ጠጠር ትበትናለች።

ድሮ ድሮ፣ ተራሮች ትከሻ ለትከሻ እየተለካኩ «እኔ እረዝማለሁ፣ እኔ እረዝማለሁ» ብለው በሚጣሉበት ዘመን፣ ዘገየ የሚባል ኤሊ ነበር። ይህ ኤሊ ለሠርግ ሲጠሩት ለመልስ ይደርሳል፤ ለመልስ ሲጠሩት ለልጁ ክርስትና ይደርሳል። ተረቡ ሲበዛበት ጊዜ «አሁንስ ከነፋስ የምትፈጥን መኪና ካልገዛሁ ድንጋዬን አውልቄ ልጣል!» ብሎ ማለ።

ምሎም አልቀረ፤ ከጃፓን አገር ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት የሚልስ ስፖርት መኪና አዘዘ። «ወደቡ ድረስ ሄጄ እኔው ራሴ እቀበላታለሁ» ብሎ በእግሩ ተነሳ። ሲነሳ መኪናዪቱ አዲስ ነበረች፤ ሲደርስ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷታል።

«ዘገየ ማለት አንተ ነህ?» አለችው፣ አቧራ እንደ ጋቢ ለብሳ።

«እኔ ነኝ እመቤቴ። ትንሽ አስቆየሁሽ መሰለኝ?»

«ኧረ ምንም አይደል! ያመጣኝ መርከብ ጡረታ ወጣ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነ።»

እንደ ዳማ ፈረስ ቀይ ነበረችና ስሟን ዳሚት አላት። ዓይኖቿ ኮፈኗ ውስጥ ተኝተው ይውሉና መብራት ሲፈለግ ብቅ ይላሉ። ግራው ዓይኗ ቶሎ ይነቃል፤ ቀኙ እንቅልፋም ነው። ስለዚህ መብራቷን ባበራች ቁጥር ያየችውን ሁሉ ትጠቅሳለች። በእሷ ጥቅሻ የተነሳ የሦስት መንደር ኮርማ ከሚስቱ ተጣልቷል።

ፍጥነቷንስ አትጠይቁኝ። ዘገየ ነዳጇን ሲረግጥ ጥላቸው ኋላ ቀርቶ በማግስቱ እያለከለከ ይደርሳል። አንድ ቀን እንዲያውም ቁርሱን ሳይውጥ ተነስቶ ትናንት ደረሰ ይባላል፤ ይህንን እኔ አላየሁም፣ የቀረውን ግን ሁሉ እምልላችኋለሁ።

አሮጊት እንደመሆኗ መጠን ግን ጧሪ ትፈልግ ነበር። ዘገየ በየማለዳው አቧራዋን ይጠርጋል፣ ዘይቷን በሰንበሌጥ ጫፍ ይለካል፣ ጆሮውን ሞተሯ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ሚስቱ ወይዘሮ ቦጋለች ይህን ስታይ ወገቧን ይዛ ትቆማለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የእኔን ጀርባ አንድ ቀን እንዲህ አሻሽተህ ታውቃለህ?»

«አንቺ መች ዘይት ታፈሻለሽ፣ ቦጌ?»

በዚያ አገር የመኪና አራጅ አያ ጅቦ ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ የተገኘ መኪና ሁሉ የእሱ ነው፤ በሩን ለብቻ፣ ሞተሩን ለብቻ፣ ጎማውን ለብቻ ቆራርጦ ይሰቅላል። ዳሚት በደጁ ባለፈች ቁጥር ምራቁ ጅረት ይሆናል፤ የታችኛው መንደር ሰዎች በዚያ ምራቅ ጎመን ያጠጡ ነበር።

«ዘገየ ወንድሜ፣ ሽጥልኝ።»

«አልሸጥም።»

«እሺ ጭኗን ብቻ!»

«ጭን የላትም፣ ጎማ ነው ያላት። እሱንም አልሸጥም!»

አያ ጅቦ በገንዘብ ያጣትን በነገር ሊያገኛት ወደ ንጉሥ አንበሳ ሄደ። «ጃንሆይ፣ የእነዚህ የአሮጌ መኪኖች ሳል እኮ ነው እንቅልፍዎን የሚነሳዎ» አለ። ንጉሡ በቀን የሚተኛው ሃያ ሦስት ሰዓት ብቻ ነበርና «ለካስ!» ብሎ ተቆጣ። ነጋሪት አስጎሰመ፤ አዋጅ አስነገረ።

«ጥቅምት በባተ በአሥረኛው ቀን ባለመኪና ሁሉ ከወንዙ ድልድይ ይነሳ! ሳይገፋ፣ ሳይጎተት፣ በገዛ ሞተሩ የእግዜር-ያውጣህን ዳገት ወጥቶ ደጄ የደረሰ ይኑር! ሦስተኛው ነጋሪት ተጎስሞ ከድልድዩ ያልተነሳ፣ ተነስቶም መንገድ የቀረ፣ ለአያ ጅቦ ይሰጥ፤ ይታረድ!»

እግዜር-ያውጣህ ማለት እንዲያው ዳገት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍየል በገመድ የምትወጣው፣ የዝናብ ውሃ እንኳ ቁልቁል ሲወርድበት ፍሬን የሚይዝበት ነው።

ዘገየ አንገቱን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ወደ ዳሚት ሄደ። «ትወጪዋለሽ?»

«እኔ? በጉብዝናዬ ዳገት ሲያየኝ ሜዳ ይሆን ነበር! አሁንም ካንዴላዎቼን ጥረግልኝ፣ እሳታቸው ደህና ይብራ፤ ሌላ አትንካኝ፣ እወጣዋለሁ።»

ዘገየ ካንዴላዎቿን ጠረገ። ነገር ግን ልቡ አላረፈም። «እሷማ ምን ታውቃለች፣ መኪና ናት። መካኒክ ይያት እንጂ» አለና ማስተር ዝንጀሮን ጠራ። ማስተር ዝንጀሮ ቱታ የለበሰ፣ መፍቻ በጆሮው የሰካ፣ ሲራመድ ቅጭልጭል የሚል ባለሙያ ነበር። ዘገየ ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ አያ ጅቦ ቀድሞ አንድ ስልቻ በቆሎ ልኮለት «ቀስ አድርገህ ባዶዋን አስቀራት፤ ያወጣኸውን ለእኔ አምጣ» ብሎት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ማስተር ዝንጀሮ ኮፈኑን ከፍቶ አፏጨ። «ኡ ኡ ኡ! ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ቴርሞስታቱን መዝዞ አወጣ።

ትንሹ ቴርሞስታት መዳፉ ላይ ሆኖ ጮኸ። «እኔ የውሃው በር ጠባቂ ነኝ! ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቀዝቃዛው ውሃ እንዳይዞር እዘጋለሁ!»

«ሰሙ ጋሼ? የሚያሞቅ ነው! ይሄ ለብርድ አገር ነው፤ ለእኛ አገር አያስፈልግም!» አለና ወደ ኮሮጆው ወረወረው።

«ዘገየ፣ ያስፈልገኛል!» አለች ዳሚት።

«ዝም በዪ እሜቴ፤ ማስተር ያውቃል።»

በማግስቱ ዳሚት በጠራራ ፀሐይ ብርድ ያንቀጠቅጣት ጀመር። ነዳጅ እንደ ሠርግ ቤት አጃቢ ትጨልጣለች፤ ስታስል የጎረቤት ዶሮዎች ላባ ይረግፋል።

በሁለተኛው ቀን ማስተር ዝንጀሮ ለሳሏ ተጠራ። ሞተሩን አወጣ፣ ወንበሩን አወጣ፣ በሩን አወጣ፤ ሁሉንም ቁርበት ላይ ዘረገፈና መልሶ ገጠመ። ሲጨርስ አንድ ባርኔጣ ሙሉ ብሎን ተረፈ።

«እነዚህስ ማስተር?» አለ ዘገየ።

«ትርፍ ናቸዋ! ጃፓኖች ለጋሶች ናቸው፤ መኪና ሲሸጡ ምርቃት ይጨምራሉ።»

ብሎኖቹ ባርኔጣው ውስጥ ሆነው ተንጫጩ። «ምርቃት አይደለንም! እኔ የበር ነኝ! እኔ የወንበር ነኝ!»

«ዘገየ፣ ነፋስ ገባኝ!» አለች ዳሚት።

«ዝም በዪ እሜቴ፤ ማስተር ያውቃል።»

በማግስቱ ዘገየ ነዳጅ ሲረግጥ መኪናዪቱ ወደ ፊት ሄደች፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከሻንጣው ቦታ ሆኖ እየነዳ ገበያ ገባ። ጎረቤቱን «እንደምን አደርክ» ሊል በሩን ገፋ ቢያደርገው በሩ ወልቆ ጎረቤቱን ራሱ ሰላም አለው። በሩን በጠፍር አሰሩት።

አዋጁ ለቆረጠው ዕለት አንድ ቀን ሲቀረው አያ ጅቦ መታገሥ አቃተው። «ቀስ በቀሱን ተወው!» አለ ዝንጀሮን። «ወደ ፊት የሚያስኬዳትን ሁሉ፣ አንድ ሳታስቀር አምጣልኝ!»

በሦስተኛው ቀን ማስተር ዝንጀሮ ከሥሯ ገብቶ ተንጋለለ። «አምስት ማርሽ? አምስት! ንጉሡ እንኳ ያላቸው አራት እግር ነው! ለእኛ አገር አያስፈልግም!» አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን እንደ በቆሎ ፈልፍሎ ኮሮጆው ውስጥ ከተተ።

«ዘገየ! እግሬን ወሰደው!»

«ዝም በዪ እሜቴ፣ ማስተር…» አለ ዘገየ። የቀረው ግን ከአፉ አልወጣም፤ ማስተር ኮሮጆውን ተሸክሞ ሲሮጥ አይቶታልና።

ቀኑ ደረሰ። ከዘገየ ደጅ እስከ ድልድዩ ቁልቁለት ነው፤ ዳሚት እየተንከባለለች ወረደች። እዚያ አያ ጅቦ አርባ ዘመዶቹን ጠርቶ፣ ቢላዋ አስይዞ፣ ሚጥሚጣ በትሪ አሰልፎ ይጠብቃል። አዲሷ ፒክአፑ ሥጋ ልትጭን ከጎኑ ቆማለች።

ዘገየ ሞተሩን አስነሳ። አንደኛ ማርሽ ላይ ከተተ፤ ዝም። ሁለተኛ፤ ዝም። እስከ አምስተኛ ቢወርድ ቢወጣ፣ ዝም።

«ጋሽ ዘገየ!» አለ አያ ጅቦ ቢላዋ ከቢላዋ እያፋጨ። «ደረቷን ለእኔ፣ ኩላሊቷን ለአክስቴ! አትቸኩል፣ መቼም ችኮላ አታውቅ!»

አርባው ዘመድ ተንከተከተ። ዘገየ ዳሚት ስትቆራረጥ ታየችው። እሷን አጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ መመለስ ከሞት ባሰበት።

የመጀመሪያው ነጋሪት ተጎሰመ። ዘገየ ድልድዩ አጠገብ ዋርካ ላይ ተቀምጦ በቆሎ የሚግጠውን ዝንጀሮ ለመነ። «ማስተር፣ በፈጠረህ፣ ይህን ዳገት እንዴት ልውጣው?»

«ዳገት?» አለ ዝንጀሮ አፉን ሞልቶ። «ዳገት ለእኛ አገር አያስፈልግም!»

ሁለተኛው ነጋሪት ተጎሰመ። ዘገየ አብራው ወደ ወረደችው ሚስቱ ዞረ። «ቦጌ፣ ምን ይሻለኛል?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለች ወይዘሮ ቦጋለች። «ታማሚዋ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጮህ አንተ ሐኪሙን፣ ሐኪሙን! አሁን እንኳ እሷን ጠይቃት እንጂ፣ አንተ ጆሮ ቢስ!»

ዘገየ አንገቱን አርዝሞ ኮፈኗ ላይ ተደፋ። «ዳሚቴ፣ ይቅር በዪኝ። ምን ምን ወሰዱብሽ?»

«የወሰዱብኝን ልዘርዝር ካልኩ ይመሻል። የቀረኝን ጠይቀኝ።»

«ምን ቀረሽ?»

«የኋላ ማርሼ። ወደ ፊት የሚያስኬደኝን ሁሉ ሲለቅሙ እሷን ማን ዞር ብሎ አያት! ከእህቶቿ ግን እንደ እሷ ያለ ጉልበተኛ የለም። መሪዬን ጠምዝዝ፣ ጀርባዬን ለዳገቱ ስጠው፤ ከዚያ አትቸኩል። ቀስ።»

«ቀስ ማለትማ!» አለ ዘገየ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ተነፍቶ። «ቀስ ማለትማ ማን እንደ እኔ!»

ሦስተኛው ነጋሪት ሊጎሰም እጅ ሲነሳ፣ ዳሚት ተሽከረከረችና ጀርባዋን ለዳገቱ፣ ፊቷን ለአያ ጅቦ ሰጠች። ሁለቱም ዓይኖቿ ብቅ አሉ። ቀኙ ዘገየት አለና… ጠቀሰችው!

«እኔን?» አለ አያ ጅቦ፣ ቢላዋው ከእጁ ወደቀ።

ከዚያማ ሽቅብ! በኋላዋ እየመራች፣ እያጓራች፣ እያሳለች ወጣች። በሩ ጠፍሩን በጥሶ ወደቀ፤ «ይውደቅ!» አለች። ዘገየ አንገቱን በባዶው በር አውጥቶ እስከ ኋላ ጎማ ዘረጋው፤ እንዲህ ያለ አንገት ያለው ሾፌር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተወለደም። ብሎን የሌለው ወንበሩ ተንሸራቶ መሪው ላይ ቢያጣብቀው «ደግ አደረግህ፣ ያዘኝ!» አለ። በጥድፊያ የወጡት አዳዲሶቹ መኪኖች መሀል ዳገት ላይ ፈልተው ቆመዋል። ዳሚት አንድ በአንድ አለፈቻቸው፤ እያንዳንዳቸውን በፊት መስታወታቸው እያየች፣ «ደህና ዋሉ፣ ደህና ዋሉ» እያለች።

አያ ጅቦ ፊት ለፊቷ እየሮጠ ይጮሃል፤ «አንቺ! መንገዱ በዚህ ነው! ተመለሺ!»

«ተመልሼ አይደል የምሄደው?» አለችው።

ዳሚት በቤተ መንግሥቱ በር ገብታ ስትቆም ጭስ ማውጫዋ ከንጉሡ አፍንጫ ሥር ደረሰ። ንጉሡ ሲያስነጥስ ሁለት ደመና ተበተነ።

«ጃንሆይ፣ አይቆጠርም!» አለ አያ ጅቦ መሬት ወድቆ።

«ተገፋች?»

«አልተገፋችም፤ ነገር ግን…»

«ተጎተተች?»

«አልተጎተተችም፤ ነገር ግን ጃንሆይ፣ የመጣችው እኮ በመቀመጫዋ ነው!»

ንጉሥ አንበሳ ጢሙን ጠረገ። «እኔስ ዙፋኔ ላይ የምወጣው በምኔ ነው?» አለ። «ትኑር!»

አያ ጅቦ ጭራውን ቆልፎ ወረደ። አርባው ዘመድ ግን ሚጥሚጣውን ይዞ እንደተሰለፈ ነው። «የታለ ሥጋው?» አሉ። «ዘመዶቼ፣ ለሌላ ጊዜ…» ከማለቱ አዲሷን ፒክአፑን ከበቧት። ከመከላከያዋ ጀምረው እስከ ጡሩምባዋ በሚጥሚጣ በሏት። ከውስጧ አንድ ኮሮጆ ቢያገኙ አኝከው፣ ጥርሳቸው ሲረግፍ ጊዜ ተፉት። ቴርሞስታቱ፣ ብሎኖቹና አምስቱ ማርሾች ነበሩ።

ንጉሡም «የፈታ ይግጠም!» ብሎ ፈረደ። ማስተር ዝንጀሮ የጋለው ኮፈን ላይ ተቀምጦ ሰባት ቀን ገጠመ። «ይሄኛውስ ትርፍ ይመስለኛል» ባለ ቁጥር ዘገየ «ዳሚት፣ ያንቺ ነው?» ይላል። እሷም «የእኔ ነው!» ትላለች። «ግጠም!» ይላል ዘገየ። ዝንጀሮም «ቀድሞ መቀመጫዬን!» እያለ ገጠመ። መቀመጫው እንደዚያ ቀልቶ የቀረው ያን ጊዜ ነው።

እናንተም የተወሰደባችሁን ስትቆጥሩ ከሚመሽ፣ የቀረችውን ይዛችሁ ዳገቱን ጀምሩ፤ ደጅ የደረሰን፣ በየት በኩል ዞረህ መጣህ የሚለው የተራበ ጅብ ብቻ ነው።

ተረቴን መልሱ፣ እጄን ከግራሶ አብሱ።