የማር ሻጩ መልስ ስለ ወረቀት ብር

የወረቀት ብር አገራችን በገባ ሰሞን እኔ በገበያ ጭነት እየተሸከምሁ ነበር የማድረው። ያን ጊዜ ሰው የሚያምነው የፈረንጅ ሴት መልክ ያለበትን ጠገራ ብር ነበር። ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማዋል፣ ጓዳውም ቆፍሮ ይቀብረዋል። የንጉሡ መልክ የታተመበትን ወረቀት ግን የምስጥ ቀለብ ነው እያለ ይሸሸዋል።

አንድ ቀን የወረዳችን ምስለኔ ቀኛዝማች ድፋባቸው ለድግሳቸው ጠጅ ማር ሊገዙ ገበያ ወረዱ። የአንድ ድሀ ገበሬ ማር ከነእንስራው አስጫኑና ወረቀት ወረወሩለት። ሰውየው ማሩን ያወጣው ግብር ሊከፍልበት ነው፤ በጠገራ ካልከፈለ መሬቱን ይነጠቃል።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ጠገራ ይስጡኝ» አለ።

ቀኛዝማች ገበያተኛው እንዲሰማ ጮኹ።

«አያችሁልኝ ይህን ከሃዲ! የንጉሡን መልክ ጠልቶ የፈረንጅ ሴት አማረው! ብትቀበል ተቀበል፤ እምቢ ካልህ ግንድ አቅፈህ ትገረፋለህ!»

ዘበኞቹ ገመዳቸውን ፈቱ። ገበሬው በማር የተለወሰ እጁን ዘርግቶ አሳያቸው።

«ጠልቼስ አይደለም ጌታዬ፣ ፈርቼ ነው። በዚህ እጄ የንጉሤን ፊት አጣጥፌ በጋቢዬ ጫፍ ልቋጥረው? ፈረንጇን ግን ባሻኝ ስፍራ ብቀብራት ማን ይቆጣኛል? ደግሞስ ይህን ክብር የተማርነው ከእርስዎ አይደል? ግብራችንን በወረቀት ስናመጣ ‹ጠገራ ካልሆነ ውሰዱልኝ› ብለው የሚያባርሩን፣ የንጉሡን መልክ በእጅዎ መንካት ፈርተው አይደለም እንዴ?»